ምልክት የተደረገበት ብስክሌት ቢሰረቅ ይገኛል?

የጁሙዓ ሰላት አልቋል። ሰው ከመስጂዱ እየወጣ ጫማውን ይፈልጋል። አንድ ወጣት ግን ጫማውን አጥልቆ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ቀርቷል። ከሰላት በፊት እዚያ ያቆመው ብስክሌት የለም። ይህ በአንድ መስጂድ የደረሰ ታሪክ አይደለም፤ ብስክሌት ያለው ሰው ሁሉ በልቡ የሚፈራው ነገር ነው። ሐራ፣ መርሳ ወይም ወልድያ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለመዝናናት ብሎ አይነዳም። ተማሪው ትምህርት ቤት ይደርስበታል፣ ባለሱቁ ዕቃ ያመላልስበታል፣ የቀን ሠራተኛው ሥራ ቦታ ይሄድበታል። ብስክሌቱ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው የወራት ቁጠባና የዕለት ገቢ ነው።

ወጣቱ ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድ ወዲያው የሚጠየቀው ጥያቄ ይታወቃል፤ "ብስክሌትህ የሚለይበት ምን ምልክት አለው?" የሚል ነው። "ጥቁር ነው፣ ማርሽ አለው" ከማለት ያለፈ መልስ ከሌለው ፍለጋው እዚያው ይቆማል። ጥቁር ባለማርሽ ብስክሌት በየመንገዱ አለ።

ለዚህም ነው ብዙ ሰዎች "ብስክሌቴ ላይ ምልክት ባስደርግ፣ ቁጥር ባስቀርጽ፣ ወይም ያችን አዲስ ትንሽ መከታተያ ባስርበት ቢሰረቅ አገኘዋለሁ ወይ?" ብለው የሚጠይቁት። አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ምልክት ብቻውን የተሰረቀን ብስክሌት ፈልጎ አያመጣም። ምልክት ምስክር ነው። ምስክር ደግሞ የሚጠቅመው የሚጠይቀው ሰው ሲኖር ነው። ረዘም ያለውን መልስ ከዚህ በታች እናያለን።

የብስክሌት ችግር ከባጃጅና ከስልክ በምን ይለያል?

ባጃጅና ሞተር ሳይክል ሰሌዳና ሊብሬ አላቸው። የሻንሲና የሞተር ቁጥራቸው በመንግሥት መዝገብ ከባለቤቱ ስም ጋር ተጽፏል። ባጃጅ የሚገዛ ሰው ሊብሬ ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም። የእጅ ስልክም የራሱ ቁጥር አለው። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ስንጫን የሚመጣው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ማለት ነው። ስልኩ ሲበራ ይህን ቁጥር ራሱ ለኔትወርኩ ይናገራል።

ብስክሌት ግን ሊብሬ የለውም፤ ለማንም አይናገርም። ብዙዎቹ ብስክሌቶች ከፋብሪካ ሲወጡ የሻንሲ ቁጥር ይመታባቸዋል፤ ነገር ግን ቁጥሩን ከባለቤቱ ስም ጋር የሚያገናኝ ወረቀት ብዙ ጊዜ የለም። ባለቤቱ ራሱ ቁጥሩ የት እንዳለ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ብረቱ ላይ እያለም እንደሌለ ይቆጠራል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1193 ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ መሠረታዊ ሐሳብ አለው። ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ የሚገኝ ሰው፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ የዕቃው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ይህ በአብዛኛው ጥሩ ሕግ ነው። እያንዳንዳችን በእጃችን ስላለው ሰዓትና ጫማ ደረሰኝ እያሳየን መኖር አንችልም።

ብስክሌት ሲሰረቅ ግን ይህ ግምት የሚረዳው የያዘውን ሰው ነው። ሌላው ሰው ብስክሌቱ ላይ ተቀምጧል፤ አንተ "የኔ ነው" ትላለህ። ማስረዳት ያለብህ አንተ ነህ። በሸሪዓም ማስረጃ ማቅረብ የከሳሹ ድርሻ መሆኑ የታወቀ የፍርድ መርህ ነው። ብስክሌቱ የተሰረቀብህ መሆኑን ካስረዳህ ግን የያዘው ሰው ከሌባው በገንዘቡ የገዛው ቢሆን እንኳ የማስመለስ መብት አለህ። ምልክቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ከጠያቂነት ወደ ባለመብትነት የሚያሸጋግርህ ማስረጃ እሱ ነው።

ሌላም ወገን አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665 ይቀጣል፤ ቅጣቱ እንደ ነገሩ ክብደት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። አንቀጽ 682 ደግሞ በወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ ዕቃ የገዛን፣ የደበቀን ወይም ያሻሻጠን ሰው ይቀጣል። "ርካሽ ስለሆነ ገዛሁ" የሚል ሰው ከተጠያቂነት ላያመልጥ ይችላል።

ምልክት ለእኛ አዲስ አይደለም

የወሎ አርሶ አደር ከብቱን የሚለየው በመልኩ ብቻ አይደለም። ጆሮውን በመሰንጠቅ ወይም ገላውን በመተኮስ ምልክት ማድረግ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በሬ ጠፍቶ በሌላ መንጋ ውስጥ ቢገኝ ክርክሩን የሚቆርጠው ያ ምልክት ነው።

በእስልምናም ይህ የታወቀ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የሰደቃ ግመሎችን በእጃቸው በመተኮሻ ብረት ምልክት ያደርጉባቸው እንደነበር ከአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የእንስሳን ፊት መተኮስ ደግሞ ተከልክሏል። የወደቀ ገንዘብ ስላገኘ ሰው በዘይድ ኢብኑ ኻሊድ (ረ.ዐ) በተዘገበው ሐዲስ፣ ያገኘው ሰው ገንዘቡ ያለበትን ከረጢትና የታሰረበትን ገመድ በደንብ እንዲለይ፣ ከዚያም ዓመት ሙሉ እንዲያስታውቅ ታዟል። ለምን ከረጢቱንና ገመዱን? እውነተኛው ባለቤት መጥቶ ምልክቱን ሲናገር እንዲታወቅ ነው። የዛሬው የሻንሲ ቁጥር ያንኑ ሥራ የሚሠራ የዘመናችን ገመድ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ማስረጃ በሌለበት ቦታ ምን እንደሚከተልም ከታሪካችን እናውቃለን። በድሮ ጊዜ ዕቃ ሲጠፋ "አፈርሳታ" ወይም "አውጫጭኝ" ይጠራ ነበር፤ ሌባው እስኪጠቆም የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይውላል። ከዚያም የባሰው "ሌባ ሻይ" ነበር። አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር እንዲጠጣ ይደረግና እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በዚህ ስንት ንጹሕ ሰው ተበድሎ ይሆን? ምልክትና ምዝገባ የሚጠብቁት የተሰረቀበትን ሰው ብቻ አይደለም። ብስክሌቱ ከሌላው ጋር ስለተመሳሰለ ብቻ ገበያ መሐል "ሌባ!" የሚባለውን ንጹሕ ልጅም ያድናሉ።

የምልክት ዓይነቶችና አቅማቸው

የመጀመሪያው የፋብሪካው የሻንሲ ቁጥር ነው። ብስክሌቱን ገልብጣችሁ የፔዳሉ አክሰስ የሚያልፍበትን ወፍራም ቱቦ ከሥሩ ተመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ እዚያ ተመትቷል። እዚያ ከሌለ ከመሪው በታች ባለው የፊት ቱቦ ላይ ወይም የኋላ ጎማ በሚታሰርበት አካባቢ ፈልጉ። ጭቃና ቀለም ሊሸፍነው ስለሚችል በጨርቅና በጋዝ ማጽዳት ያስፈልጋል። ይህ ምልክት ምንም ወጪ የለውም።

ሁለተኛው ባለቤቱ ራሱ የሚያስቀርጸው ምልክት ነው። ብረታ ብረት ቤት ወስዶ አጭር የፊደልና የቁጥር ምልክት ማስቀረጽ ይቻላል። በመዶሻ የሚመታ ከሆነ በቀጭኑ ቱቦ ላይ ሳይሆን በወፍራሙ የፔዳል ቱቦ ላይ ይሁን፤ ቀጭኑ ቱቦ ከተጎዳ ሊሰበር ይችላል። ሌባ ቁጥሩን በሞረድ ሊፍቀው እንደሚችል እውነት ነው። ነገር ግን የተፋቀ ቦታ ራሱ ይናገራል፤ ሻንሲው የተፋቀ ብስክሌት ያየ ገዢ መጠራጠር አለበት። በምት የተቀረጸ ቁጥር ከላይ ቢፋቅም ከሥሩ ያለው ብረት ተጨፍልቆ ስለሚቀር፣ በወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ በአሲድ ተመልሶ ሊነበብ የሚችልበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛው የተደበቀ ምልክት ነው። ስምና ስልክ የተጻፈበት ወረቀት በላስቲክ ተጠቅልሎ ኮርቻው በሚገባበት ቱቦ ውስጥ ወይም ከመሪው እጀታ ሥር ይቀመጣል። ሌባው ቀለም ሲቀይርና ቁጥር ሲፍቅ ይህን ላያስበው ይችላል። ፖሊስ ፊት "ኮርቻውን ንቀሉት፣ ስሜ ውስጡ አለ" ማለት የሚችል ባለቤት ክርክሩ አጭር ይሆንለታል።

አራተኛው የኤሌክትሮኒክስ መከታተያ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው እንደ አፕል ኩባንያ "ኤርታግ" ያለው በብሉቱዝ የሚሠራ ትንሽ ክብ ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ለገበያ ሲቀርብ ብዙዎች "ሌብነት አበቃ" ብለው ነበር። ይህ ዕቃ ግን በራሱ ሳተላይት አይገናኝም። ያለበትን ቦታ የሚያሳውቀው በአጠገቡ የሚያልፍ የሌላ ሰው አይፎን ድምፁን ሲሰማ ነው። አይፎን በበዛበት ከተማ ጥሩ ይሠራል፤ ጥቂት ሰው ብቻ በያዘበት ገጠር ግን ብስክሌቱ ለቀናት ዝም ሊል ይችላል። በተጨማሪም ሰው ያለ ፈቃዱ እንዳይሰለል ሲባል፣ ዕቃው ከባለቤቱ ርቆ ከሌላ ሰው ጋር ሲጓዝ ያንን ሰው እንዲያስጠነቅቅ ተደርጎ ተሠርቷል። ሌባውም ሊነቃ ይችላል ማለት ነው።

ሌላው ጂፒኤስ ነው። ይህ ቦታውን ከሳተላይት ያውቃል፤ ለባለቤቱ ለመላክ ግን ሲም ካርድ፣ ባትሪና የሚሠራ ኔትወርክ ይፈልጋል። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር የምናስታውሰው ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ በኢንተርኔት የሚሠራ መከታተያ ጥቅም የለውም። ብረት ላይ የተቀረጸ ቁጥር ግን ኔትወርክም ባትሪም አይፈልግም። ለእኛ አካባቢ ርካሹና አሮጌው መንገድ ይበልጥ አስተማማኝ የሚሆነው ለዚህ ነው።

መከታተያው ቦታውን ቢያሳይ እንኳ ብቻን ሄዶ በር ማንኳኳት አደገኛ ነው። መረጃውን ለፖሊስ መስጠትና ከሚመለከተው አካል ጋር መሄድ ይገባል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ዴንማርክ ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛውም ብስክሌት የሻንሲ ቁጥር እንዲኖረው በሕግ ደንግጋለች። ጃፓን ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብስክሌት ማስመዝገብን ግዴታ አድርጋለች፤ ብስክሌቱ ላይ ቁጥር ያለው ተለጣፊ ይደረጋል፣ ፖሊስም መንገድ ላይ አስቁሞ ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። ፈረንሳይ ከጥር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነጋዴዎች አዲስ ብስክሌት መለያ ቁጥር ሳያደርጉበት እንዳይሸጡ አዝዛለች።

እነዚህ አገሮችም ከብስክሌት ሌብነት ነጻ አልወጡም። ያገኙት ጥቅም ሌላ ነው፤ ተጥሎ ወይም በሌባ እጅ የተገኘ ብስክሌት ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለማወቅ መንገድ አላቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቁጥር ከሌለ ፖሊስ ሌባውን ይዞም ንብረቱን ለማን እንደሚመልስ ላያውቅ ይችላል።

በብሪታንያ በዌልስ የተካሄደ ጥናት ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ግሎሪያ ሌይኮክ የተባሉ ተመራማሪ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የቤት ዕቃቸው ላይ ምልክት አድርገው በበራቸው ላይ ይህን የሚገልጽ ተለጣፊ የለጠፉ ቤቶች ዘንድ ስርቆት ወደ 40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። ተመራማሪዋ በኋላ ነገሩን መልሰው ሲያዩት ግን ለውጡን ያመጣው ስለ ምልክቱ በየቦታው የተነገረው ወሬ መሆኑን ደረሱበት። ሌባው "በዚህ ሰፈር ዕቃ ሁሉ ምልክት አለው" የሚለውን ሰምቶ ነበር የሸሸው። በሌላ አነጋገር ምልክት ከማስመለስ ይልቅ በማስፈራራት ይበልጥ ሠርቷል፤ የሚያስፈራራው ደግሞ ሲታወቅ ነው።

ማስጠንቀቂያም አለ። በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ግቢ በአንዳንድ የብስክሌት ማቆሚያዎች ላይ የሚመለከቱ ዓይኖች ሥዕል ያለበት የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት መሠረት በእነዚያ ማቆሚያዎች ስርቆት በ62 በመቶ ቀነሰ፤ ጽሑፉ ባልተለጠፈባቸው ማቆሚያዎች ግን በ65 በመቶ ጨመረ። ሌባው ሥራውን አልተወም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ። አንድ መስጂድ ወይም አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን ቢጠነቀቅ ችግሩን ወደ ጎረቤቱ ሊገፋው ይችላል። ጥንቃቄው የሁሉም ሲሆን ነው ሌባው መሄጃ የሚያጣው።

ዛሬ ምን ማድረግ እንችላለን?

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እንዳይሆንብን፣ ብስክሌቱ በእጃችን ሳለ የሚከተሉትን እናድርግ።

1. ብስክሌቱን ገልብጠን የሻንሲ ቁጥሩን እናንብብ፤ በወረቀት እንጻፈው፤ በስልክም ፎቶ እናንሳው። ቁጥር ከሌለው እናስቀርጽበት።

2. የብስክሌቱን ሙሉ ፎቶ ከእኛ ጋር ሆኖ እናንሳ። ጭረት፣ የተበየደ ቦታ፣ የተቀየረ ኮርቻ ካለው ለብቻው እናንሳው። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ባለቤት ብቻ የሚያውቃቸው ምልክቶች ናቸው።

3. ከሱቅ ስንገዛ ደረሰኝ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ እንዲጻፍ እንጠይቅ። ከሰው ስንገዛ ቁጥሩ የተጻፈበት አጭር የሽያጭ ውል በሁለት ምስክር እንፈራረም።

4. የእነዚህን ቅጂ ሌላ ቦታ ባለ ዘመድ ስልክ ላይ እናስቀምጥ። ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በገባበት በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ንብረት ብቻ ሳይሆን የንብረት ወረቀትም አብሮ እንደጠፋ እናውቃለን። አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ማስረጃ አስተማማኝ አይደለም።

5. ምልክት ቁልፍን አይተካም። ሰንሰለቱ በጎማው ብቻ ሳይሆን በሻንሲውም አልፎ ከማይነቀል ነገር ጋር ይታሰር። ጎማው ብቻ ከታሰረ ሌባው ጎማውን ትቶ ሌላውን ይወስዳል።

6. ከተሰረቀ በዚያው ቀን ቁጥሩን ይዘን ለፖሊስ እናመልክት፤ ያመለከትንበትን ወረቀት እንያዝ። ቀጥሎ ለአካባቢው ብስክሌት ጠጋኞችና ለጎሚስታዎች ቁጥሩን እንስጥ፤ ከሐራ የጠፋ ብስክሌት መርሳ ወይም ወልድያ ለጥገና ሊቀርብ ይችላል።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሌባው ብስክሌቱን ፈትቶ ጎማውን፣ ማርሹንና ኮርቻውን ለየብቻ ከሸጠ በሻንሲው ላይ ያለው ቁጥር ክፍሎቹን አያስመልስም። ምልክት ዕድልን ያሰፋል እንጂ ዋስትና አይሰጥም።

ትልቁ ኃላፊነት የገዢው ነው

የተሰረቀ ብስክሌት የሚሰረቀው የሚገዛው ስላለ ነው። ሌባው ብስክሌቱን ሊነዳው ሳይሆን ሊሸጠው ነው የሚወስደው። በእጁ ለሦስት ቀን ቢቆይ፣ ሊሸጥ በሞከረ ቁጥርም "ቁጥሩን አሳየኝ፣ ከማን ገዛኸው?" ቢባል ድካሙ ከትርፉ ይበልጥበታል።

መሰረቁን እያወቁ መግዛት ሐራም መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። የተሰረቀ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳዩ ምልክቶች ሲታዩም ዓይንን ጨፍኖ መግዛት አማናን መብላት ነው። ዋጋው ከገበያው በብዙ ከቀነሰ፣ ሻጩ ከቸኮለ፣ ሻንሲው ከተፋቀ ወይም አዲስ ቀለም በችኮላ ከተቀባ መጠየቅ ይገባል። ጠጋኞችም ለጥገና የሚመጣ ብስክሌት ቁጥሩ ተፍቆ ካዩ ዝም ማለት የለባቸውም።

መዝገብ ለመጀመር ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። በአንድ መስጂድ ጀማዓ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ወይም በቀበሌ ደረጃ አንድ ደብተር በቂ ነው፤ የሻንሲ ቁጥር፣ የብስክሌቱ መልክ፣ የባለቤቱ ስምና ፊርማ ይጻፍበታል። ደብተሩ በታመነ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ የሰዎች ስምና ስልክ ለማንም እንዳይታይ ይጠበቅ። ፖሊስ ሲጠይቅና ሰው ሊገዛ ሲፈልግ ግን "ይህ ቁጥር የማን ነው?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ይኖራል። ዌልስ ላይ እንደታየው ደግሞ ደብተሩ መኖሩ በይፋ ይነገር፤ ከጁሙዓ በኋላ በሚነገር ማስታወቂያ፣ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ፣ በገበያ። ሌባውም ይስማ።

ወደዚያ ወጣት እንመለስ። ምልክት ብስክሌቱን ከመስጂዱ አጥር ሥር ከመወሰድ አላዳነው ይሆናል። ነገር ግን ቁጥሩ በኪሱ ቢኖር፣ ጠጋኙም ገዢውም ቁጥር የመጠየቅ ልማድ ቢኖራቸው፣ ብስክሌቱ በተገኘ ቀን "ያንተ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለህ?" ሲባል አንገቱን አይደፋም። ማንንም ሳይጠረጥር፣ ማንንም ሳይበድል መብቱን ይወስዳል። ይህን ጽሑፍ አንብበን ስንጨርስ ብስክሌታችንን ገልብጠን ቁጥሩን ብንጽፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አላህ በሐላል ያፈራነውን ይጠብቅልን፤ የሰውን ሐቅ ከመንካትም ይጠብቀን።